አንድ ቀን በሮማ፥ አንድ ቀን በሰቆጣ

ትምህርት ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው ከመጽሐፉና ከፈተናው ፋታ የሚያገኝባት አንዲት ቀን ስታጋጥመው፥ በሚማርበት ከተማ ያሉትን ታሪካዊ ቦታዎች ለማየት መነሣቱ የተለመደ ነው። ካርታ ይይዛል፤ የአውቶቡሱን መሥመር ይጠይቃል፤ ከአንዱ ሐውልት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይውልና ማታ ደክሞት ሲመለስ ያየውን ለወዳጅ ዘመዶቹ ይጽፋል። ለብዙው ተማሪ ይህች ቀን የመዝናኛ ቀን ናት። ሮማ ላይ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። እንግዳ ሆኖ በገባበት ከተማ የገዛ አገሩ ታሪክ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋልና። የጻፈው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ለማንበብ ሮማ ብቻዋን አትበቃም። በጣቢያውና በአደባባዩ የቆመው ድንጋይ የታሪኩን አንድ ገጽ ብቻ ያሳያል፤ ሁለተኛው ገጽ የሚገኘው ከዚያ እጅግ ርቆ፥ ከተከዜ በስተምሥራቅ በሚገኘው በዋግ ደጋ፥ በሰቆጣና በአካባቢዋ ነው። ሁለቱን ገጾች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያላነበበ ጎብኚ ብዙ አይቶ ጥቂት ተረድቶ ይመለሳል።

የጠዋቱ ጉብኝት

በባቡር ወደ ሮማ የሚገባ ተማሪ ከዋናው ጣቢያ እንደ ወጣ የሚረግጠው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ አብዛኛው መንገደኛ አይጠይቅም። በ1879 ዓ.ም. በምፅዋ አቅራቢያ በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ርቆ በሚገኘው የአትክልት ሥፍራ ለእነዚሁ ሙታን መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። ድንጋዩ ግን ኢጣልያዊ አይደለም፤ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን በግብፅ ተጠርቦ በጥንት ጊዜ ወደ ሮማ የተጋዘ፥ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነው። አፍሪካን ለመያዝ ሄደው በአፍሪካውያን ለተሸነፉ ሰዎች መታሰቢያ የሆነው ሌላ የአፍሪካ ድንጋይ ነው ማለት ነው።

ፋሽስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ከዚሁ ሐውልት ሥር ሌላ ምርኮ አኖሩ። ይኸውም በ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተመርቆ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ነው። በአስተርጓሚነት ሮማ ይኖር የነበረው ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ ሰይፉን መዝዞ በፋሽስቶች ላይ የተነሣው ያንን አንበሳ አይቶ እንደሆነ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ሲተረክ ኖሯል። ዘርዓይ ከዚያ ቀን በኋላ ነጻ ሰው ሆኖ አልኖረም፤ በ1937 ዓ.ም. በሲሲልያ ተግዞ እንዳለ ሞተ። አንበሳው ግን ከነጻነት በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ ወደ አገሩ ተመልሶ ከቀድሞ ሥፍራው ቆሟል። ለሌላው ጎብኚ የአትክልቱ ሥፍራ የጥላ ማረፊያ ነው፤ ይህን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን ተቀምጦ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም።

ሮማ ግን ለኢትዮጵያዊ የቁጭት ከተማ ብቻ አይደለችም። በቫቲካን ውስጥ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፥ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበረች። እዚያ ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1649፥ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ወጣት ጀርመናዊ ወደ ሮማ በመጣ ጊዜ በዚያው ማረፊያ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። ሉዶልፍ በባዕድ አገር የሚዘዋወር ተማሪ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሮማ ጥንታዊ ፍርስራሾች ይልቅ የጠቀሙት ከአምሐራ ምድር የመጡት እኚህ መነኩሴ ናቸው። ግዕዝንና አማርኛን፥ የአገሩን ታሪክና ሥርዓት ከእርሳቸው ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክም ከዚህ ትምህርት የፈለቀ ነው። ጉብኝት ድንጋይ ከማየት ወደ ሰው መጠየቅ ሲሸጋገር ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ የዚህ ተማሪ ሥራ በቂ ምስክር ነው።

ከሰዓት በኋላ በድል ጎዳና

ከሰዓት በኋላ ተማሪው ወደ ጥንቱ የሮማውያን አደባባይ ያመራል። በስተቀኝና በስተግራ የቄሣሮች ፍርስራሽ የተሰለፈበትን ሰፊ ጎዳና የከፈተው የሙሶሊኒ መንግሥት ነው። በግድግዳው ላይ የሮማ ግዛት ከትንሽ መንደርነት ተነሥቶ እንዴት እየሰፋ እንደ ሄደ የሚያሳዩ አራት የእምነ በረድ ካርታዎች ተሰቅለዋል። በፋሽስቱ ዘመን አምስተኛ ካርታ ተጨምሮባቸው ነበር፤ ኢትዮጵያን የአዲሱ ግዛት አካል አድርጎ ያሳይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ካርታ ከቦታው ተነሣ።

ጥቂት ወረድ ሲሉ የቲቶ የድል በር ይገኛል። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሮማ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲጓዙ ተቀርጿል። ምርኮን በአደባባይ ማሳየት በሮማ የቆየ ሥርዓት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሥዕል አይገኝም። ከዚያ ኮሎሲየምንና የቆስጠንጢኖስን የድል በር አልፎ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መንገድ የጥንት ድል አድራጊዎች ይሰለፉበት የነበረ ነው። ጎዳናው የሚያበቃው በፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። የአክሱም ሐውልት የቆመውም እዚሁ፥ በዚህ የምርኮ ጎዳና መጨረሻ ላይ ነበር።

ሐውልቱ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ወደ 160 ቶን የሚጠጋ ነው። ኢጣልያኖች አክሱምን በያዙ ጊዜ ወድቆና ተሰባብሮ ነበር። ለማጓጓዝ እንዲመች ተከፋፍሎ በከባድ መኪና ወደ ምፅዋ ወረደ፤ በመርከብም ተጭኖ በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ናፖሊ ደረሰ። የጫነችው መርከብ ስም «አድዋ» ነበር። ሐውልቱም ተገጣጥሞ ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1937)፥ ፋሽስቶች ወደ ሮማ የዘመቱበት 15ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፥ ተመረቀ። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንፃ የታቀደው ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ፥ ኢጣልያ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 በኋላ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ፥ የሃይማኖትና የታሪክ ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዝ ነበር። 18ቱ ወር ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሮማ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ አንድ ጊዜም ቢሆን በዚያ አደባባይ ቆሞ ሐውልቱን ቀና ብሎ ማየቱ አልቀረም። የአገሩን ታላቅ ሥራ ለማየት የገዛ አገሩን ሳይሆን የወራሪውን ዋና ከተማ መጎብኘት ነበረበት።

በዚያው መከር በዋግ

የጉብኝት መጽሐፍ ስለ 1930 ዓ.ም. ጥቅምት የሚነግረው እስከዚህ ድረስ ነው። በዚያው መከር በዋግ የሆነው ነገር ግን በሮማ በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም።

የኢጣልያ ጦር ሰቆጣን የያዘው በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፥ ከማይጨው ጦርነት ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። ከተማ መያዝ ግን አገር መያዝ አይደለም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ የሕዝቡ ቁጣ በየአውራጃው ይብላላ ጀመር፤ የዚያው ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲልም በላስታና በዋግ፥ በበጌምድርና በጎጃም አመፁ ፈነዳ። በዋግ የአርበኞቹ መሪ የዋግሹሞች ወራሽ የነበሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። ጠላት ብዙ ጦር አሰልፎ ዘመተባቸው፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. አጋማሽም በእጁ ገቡ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ እንዲሆን በአደባባይ ታየ።

ከዚህ ዕለት አንሥቶ ሐውልቱ በሮማ እስከ ተመረቀበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም። አንዱ መንግሥት በአንድ መከር ሁለት ነገር ለእይታ አቀረበ። በሮማ ድንጋይ አቆመ፥ ሕዝቡ እንዲኮራበት፤ በዋግ የሰው ራስ አቆመ፥ ሕዝቡ እንዲፈራበት። የመጀመሪያው ለጎብኚ የቀረበ ስለሆነ ዓለም ሁሉ ፎቶግራፍ አነሣው። ሁለተኛው ለተገዥ የቀረበ ስለሆነ በዓለም ዘንድ ሳይታወቅ ኖረ። ሁለቱም ግን የአንድ ድል ምልክት ተደርገው የቀረቡ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው ማየት ወጪውን ደብቆ ገቢውን ብቻ የሚያሳይ መዝገብ እንደ መመርመር ነው።

አንድ ቀን በሰቆጣ

ስለዚህ የሮማው ጉብኝት የሚሟላው ሌላ አንድ ቀን ሲጨመርበት ነው። ያ ቀን የሚውለው በሰቆጣ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቆረቆረች፥ የዋግ ኽምራ መዲና የሆነች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከቆላው የአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚመጣው አሞሌ ጨው በትግራይ ደጋ በኩል አድርጎ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሻገር የሰቆጣ ገበያ ትልቅ መናኸሪያ ነበረች። የአካባቢው ሕዝብ ኽምራ ሲባል፥ ቋንቋው ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የገዥዎቹ ማዕረግ «ዋግሹም» ይባል ነበር። በሕዝቡ ትውፊት መሠረት በ13ኛው ምዕተ ዓመት የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ሥልጣኑን ሲለቅ ለዘሩ ዋግ በርስትነት ጸናለት፤ ዋግሹሞችም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር እንደነበራቸው ይነገራል።

ከዚህ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ፥ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለው ከሞቱ በኋላ ሸፍተው ኃይል አደራጁ፤ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ በኋላም በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. በአድዋ አቅራቢያ በሚስታቸው ወንድም በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፥ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፥ ድል ሆነው ተማረኩ። ዘመናቸው አጭር ስለነበረ ብዙ ጊዜ በሁለቱ ታላላቅ ነገሥታት መካከል እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ይጠቀሳሉ። ለዋግ ግን ዘመኑ የቆየ የንግሥና ትዝታ የተቀሰቀሰበት ነበር።

ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል፥ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚያ የቀድሞ ዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ፥ ሳይፈርሱ የደረቁ አስከሬኖች ተቀምጠዋል። በሮማ የቄሣሮች ምስል በእምነ በረድ ቆሞ ይታያል፤ በውቅሮ ግን የገዥው ምስል የለም፥ ያለው ራሱ ገዥው ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ዐይን ብቻ ይዞ የሚገቡበት አይደለም፤ አክብሮትና ዝምታም ይዞ መግባት ያስፈልጋል። ምርኮን በአደባባይ ከማሳየት ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ሙታኑን በተቀደሰ ስፍራ ሰብስቦ የማኖር ሥርዓት ስለ ኃይልና ስለ ክብር ፍጹም የተለየ አስተሳሰብ እንዳለ ያስረዳል።

የአለቱ ጥበብም ከሮማው ጉብኝት ጋር የሚያያዝበት ሌላ ክር አለው። የአክሱም ሐውልት ተራ ዓምድ አይደለም፤ የቤት ምስል ነው። ከግርጌው በር፥ ከበሩ በላይ ፎቅ በፎቅ መስኮት፥ በየፎቁ መካከልም «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው የወራጅ እንጨት ጫፍ በድንጋይ ተቀርጾበታል። ይኸው እንጨትንና ድንጋይን አሰባጥሮ የመሥራት ጥበብ ከአክሱም ዘመን ብዙ መቶ ዓመት በኋላ በዋግ ጎረቤት በላስታ፥ በዋሻ ውስጥ በቆመው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጎልቶ ይታያል። የላስታን ሕንፃ አስቀድሞ ያየ ተማሪ በሮማ አደባባይ ቆሞ የነበረውን ድንጋይ በቀላሉ ያነብበው ነበር፤ ያላየው ግን ቁመቱን ብቻ ለክቶ ያልፍ ነበር።

በመጻሕፍት የተገኘችው ዋግ

ዋግ በአውሮፓ አደባባዮች ምልክት የላትም፤ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ግን ቦታ አላት። ሊዮ ራይኒሽ የተባለው የኦስትርያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1884 የዋግን ቋንቋ የሚመለከት ጥናት በቪየና አሳትሟል። የኢጣልያው ኮንቲ ሮሲኒ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአበርገሌን አገውኛ መዝግቧል፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የኽምጣናን ሰዋስው አስነብቧል። ከኢትዮጵያውያንም በለንደን ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው መጽሐፋቸው የዛጉዌን ዘመን ፍጻሜና የአዲሱን ሥርወ መንግሥት አነሣሥ መርምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1988ም ስለ አገው ሕዝብ ታሪክ ራሱን የቻለ ጥናት አቅርበዋል። በውጭ አገር የመማር ዋናው ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው ከባዕድ አገር የሚያመጣው የባዕዱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የገዛ አገሩን ታሪክ መመርመሪያ መሣሪያ ጭምር ነው።

በቅርቡ ዘመን የሰቆጣ ስም በዓለም መድረክ የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የምግብ እጥረትና መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ለአፍሪካ ቅኝ አገዛዝ ታቅዶ የተሠራው የሮማ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ጉዳይ በሚመከርበት በዚህ ዘመን፥ ሰቆጣ የረኃብን መጨረሻ የሚያመለክት ስም ሆና መጠራቷ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። ይሁን እንጂ በሰነድ ውስጥ በችግሯ ብቻ የምትጠራ አገር፥ በአደባባይ በምርኮዋ ብቻ ከምትታይ አገር ዕጣ ብዙም አትርቅም። ድርቅ ደጋግሞ የመታው፥ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ያገኘው የዋግ ሕዝብ ከችግሩ ሌላ የሚታወቅበት ታሪክ እንዳለው መታወስ ይገባዋል።

የተመለሰውና ያልተመለሰው

የአክሱም ሐውልት በ1994 ዓ.ም. በሮማ እያለ መብረቅ መታው። በ1996 ዓ.ም. ከአደባባዩ ተነሣ፤ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት በረራ አክሱም ደረሰ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ዳግመኛ በቆመበት ተመረቀ። ዛሬ በሮማ የሚማር ኢትዮጵያዊ ወደ ፖርታ ካፔና ቢሄድ የሚያየው የቀድሞውን ቦታ ብቻ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ባዶነት ነው።

ድንጋይ በአውሮፕላን ይመለሳል። በዚያው መከር በዋግ የፈሰሰው ደም ግን በምንም ውል የሚመለስ አይደለም። የሰላሙ ውል የጥበብ ዕቃዎችን ዘርዝሮ በወር ቆጥሮ አስቀመጠ፤ ለደጃዝማች ኃይሉ ከበደና ከእርሳቸው ጋር ለወደቁት የዋግና የላስታ ሰዎች የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም፥ ሊኖረውም አይችልም ነበር። ይህ ሒሳብ የሚወራረደው በዲፕሎማቶች ጠረጴዛ ሳይሆን በትምህርት ቤትና በመጽሐፍ፥ በሽማግሌዎች ቃልና በተማረው ሰው ብዕር ነው።

በውጭ አገር የተማረ ባለሙያ ሁሉ አንዲት የጉብኝት ቀን ያስታውሳል፤ የየትኛው ቤተ መንግሥት ደረጃ ስንት እንደነበረ፥ የየትኛው ድልድይ መብራት እንዴት ያምር እንደነበረ ሊናገር ይችላል። ያን ያህል ጊዜና ያን ያህል ትዕግሥት ለአገሩ ደጋ የሰጠ ግን ጥቂት ነው። ሉዶልፍ ሮማ ደርሶ ከድንጋዩ ይልቅ መነኩሴውን እንደ ጠየቀ፥ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ የሙያ ባልደረባም ከውቅሮ አለት በፊት የሚጠይቃቸው ሽማግሌዎች አሉ። የመከሩን ታሪክ ከአባቶቻቸው የሰሙ ልጆች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሐውልት ሺህ ዓመት ወድቆ ቆይቶም ሊነሣ ይችላል፤ ሳይጻፍ ያለፈ ቃል ግን ዳግመኛ አይነሣም።